ልጁን ሲጋራ እየላካችሁ «አታጭስ» አትበሉት

ወገኖቼ፣ በየትምህርት ቤቱ አጥር ላይ «ሲጋራ ለጤና ጠንቅ ነው» ብለን ጽፈን የልጆቻችንን ነገር የጨረስን መስሎናል። የ15 ዓመት ልጅ የሚያጨሰው ይህን ሳይሰማ ቀርቶ አይደለም። የሳንባ ካንሰር ለእሱ የሽማግሌ በሽታ ነው። ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳው ጓደኞቹ «ፈሪ» እንዳይሉት ነው።

በአሜሪካ የሆነውን ስሙ። የማርልቦሮ አምራች ፊሊፕ ሞሪስ በ1998 እ.ኤ.አ. «አስብ፤ አታጭስ» የሚል የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ለወጣቶች አሠራ። ሻጩ ራሱ «አትግዙኝ» ሲል መጠርጠር ነበረብን! በ2002 የታተመ ጥናት ከ12 እስከ 17 ዓመት ያሉትን ጠየቀ፤ ማስታወቂያውን ያዩት ልጆች ወደፊት የማጨስ ሐሳባቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። እኔ አይገርመኝም። «አንተ ገና ልጅ ነህ» የተባለ ጎረምሳ ሲጋራ የትልቅ ሰው ምልክት እንደሆነ ነው የሚሰማው።

በ2000 ደግሞ «እውነት» የተባለ ሌላ ዘመቻ ተጀመረ። ወጣቶች ኒው ዮርክ በሚገኝ የትምባሆ ኩባንያ ሕንፃ ደጃፍ 1,200 የአስከሬን ከረጢት ደረደሩ፤ ትምባሆ በአገራቸው በቀን የሚገድለውን ሰው ቁጥር ማለት ነው። «አታጭሱ» ብለው አልሰበኩም። ማን እንደሚዋሽና በማን ሞት እንደሚያተርፍ አሳዩ። ያዩት ልጆች እምቢታቸውን ወደ ሻጩ አዞሩት። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው።

እኛስ? አዋጅ 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላው ሲጋራ መሸጥን ከልክሏል። በእኛ ሰፈር ሱቅ መስኮት ላይ ግን ላይተር በክር ታስሮ ይንጠለጠላል፤ የሁለተኛ ክፍል ልጅ እጁን ሳይዘረጋ ይነካዋል። ባለፈው እሑድ አንድ ሕፃን ሁለት ፍሬ ሲጋራ እንዳይሰበርበት በመዳፉ አቅፎ ሲሮጥ አየሁት። የላከው አባቱ ነው። ይህ ልጅ ከማንኛውም ማስታወቂያ በፊት ትምህርቱን ጨርሷል፤ ሲጋራ አባት የሚወደው፣ በጥንቃቄ የሚያዝ ነገር ነው።

መምህራን ሆይ፣ የሚኒ ሚዲያውን ማይክ ለልጆቹ ስጧቸው፤ ማን እንደሚያተርፍባቸው ራሳቸው መርምረው ይናገሩ። ባለሱቆች፣ ያንን ክር ቁረጡት። አባቶች፣ ዛሬ ማታ ሲጋራ ካማራችሁ ተነሥታችሁ ራሳችሁ ሂዱ።