ቦቫሪዝምን ያብዛልን

ፈረንሳዮች ለዚህም ስም አውጥተውለታል። የራሱን ኑሮ ንቆ በሌለበት ኑሮ ውስጥ በሐሳብ ለሚኖር ሰው ጠባይ «ቦቫሪዝም» ይሉታል። እንደ በሽታ የሚቆጥሩትም አሉ። ቅናት ነው።

ቃሉን ያስለመደው ዡል ደ ጎልቲዬ የሚባል ፈላስፋ ነው፤ በፈረንጆቹ 1892። ሰው ራሱን ያልሆነውን አድርጎ የማሰብ ችሎታ አለው አለ። ችሎታ! ሰውዬው ገብቶታል።

ስሙ የመጣው ፈረንሳዊው ደራሲ ፍሎቤር በ1857 ባሳተመው ልብ ወለድ ካለችው ከኤማ ቦቫሪ ነው። ኤማ የገጠር ሐኪም ሚስት ናት። ባሏ ሻርል ይወዳታል፣ ያምናታል፣ ሠርቶ ያበላታል። ግን ሾርባ ሲጠጣ በየጉንጩ ድምፅ ያሰማል። ታዲያ ከእንዲህ ያለ አረመኔ ጋር እንዴት ይኖራል?

ስለዚህ የፓሪስ ካርታ ገዛች። በጣቷ ጫፍ በየጎዳናው ትንሸራሸራለች፤ መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ቆም ትላለች። ዓይኗ ሲደክም ትጨፍነዋለች። ፓሪስን አንድም ቀን ሳትረግጣት ከተማዋን አዳረሰቻት። የትራንስፖርት ወጪ የለ፣ አቧራ የለ!

ለሕልሙ የሚሆነውን ልብስና ዕቃ ደግሞ የጨርቅ ነጋዴው በዱቤ አቀረበላት። እንዲህ ያለ ደግ ሰው ከየት ይገኛል? ኋላ ዕዳው ተቆልሎ ንብረቷ ለሐራጅ ቀረበ፤ እሷም አርሴኒክ የሚሉትን መርዝ ቃመች። በዚች ትንሽ ነገር ጥበቡን ማማት ግን ነውር ነው።

እኛማ በልጠናታል። ካርታ መግዛት ቀርቶልናል፤ ስልክ አለ። ባለፈው ሰሞን እኔ ራሴ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ባርሴሎና ውስጥ ቤት እየመረጥኩ ነበር። ባለ ሦስት መኝታው ጠበበኝ። እንግዳ ቢመጣስ? ባለ አራቱን ከፈትኩ። ሳሎኑ ደስ ይላል፤ መጋረጃው ግን አልጣመኝም። በሐሳቤ አውርጄ ነጭ ሰቀልኩ። ኪሴ ውስጥ የታክሲ ሒሳብ አለች፤ እሷም ዝርዝር ናት።

«ልጄ፣ ግባ እንጂ! ተራህ ደርሷል እኮ!» አሉኝ ከኋላዬ የቆሙ እናት።

«መጣሁ እማማ፣ አንድ ጊዜ...»

ወጥ ቤቱን ሳላይ እንዴት ልግባ? ቀና ስል እማማም የሉም፣ ታክሲውም የለም። ሰልፉ አልፎኝ ሄዷል። በረንዳው ግን ወደ ባሕር ነው የሚያሳየው።