ለክቡር ቀንድ አውጣ

ጉዳዩ፦ ትናንት ሌሊት ስለተበላችው የዳሊያ አበባዬ

ክቡር ሆይ፣

«እርስዎ» የምልዎ ከአክብሮት ብቻ እንዳይመስልዎ። ወንድም ሴትም ስለሆኑ «አንተ» ልበል ወይስ «አንቺ» ግራ ገብቶኝ ነው።

በመጀመሪያ የምግብ ምርጫዎን አደንቃለሁ። ከዳሊያዬ አጠገብ ለጋ አረም ሞልቷል። አንዱን እንኳ አልቀመሱም። አስተዋይ ነዎት።

ዳሊያዋን በቅርብ ያውቋታል፤ ታሪኳን ግን አያውቁም። ውርጭ ሳይመጣ ድንች የመሰለ ሥሯን ቆፍሬ አወጣሁ። አደረቅኩት። በሰጋቱራ ሸፍኜ ብርዱን ሁሉ አሳለፍኩት። በየሳምንቱ እየገለጥኩ በሰበሰ ወይስ ደረቀ ብዬ እዳስሰው ነበር። የጥርስ ሐኪም ቀጠሮዬን ረስቻለሁ፤ የእሷን አንድም ቀን አልረሳሁም። ፀደይ ሲገባ በማሰሮ ተከልኳት። በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ቅጠል ብቅ አለ። አበባዋ እኮ ሲፈነዳ ሰሃን ያህላል!

እኔም እንደ ሞኝ ለጎረቤቴ ነገርኳት። ፎቶ ላኩላት። ፎቶው ላይ የሚታየው አፈር ነው፤ ቡቃያዋን በቀስት አመለከትኩላት።

ዛሬ ጠዋት ልታይልኝ መጣች። እጄን ዘርግቼ «ይኸውልሽ!» አልኩ። ዓይኔ ከእጄ ዘግይቶ ደረሰ። የጥፍር ያህል ጉቶ ቀርታለች። ዙሪያዋን እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ልጋግ። ጎረቤቴ ጎንበስ ብላ አየች። ቀና አለች። እንደገና ጎንበስ አለች። ጨዋ ሴት ናት።

«አፈሩ ግን ያምራል» አለች።

አፈሩ ያምራል! ሰባት ወር ሙሉ እንደ አራስ ልጅ ስሸፍን ስገልጥ የከረምኩት ለአፈሩ ነው? አንተ ሆዳም! አንተ የበላህበትን ወጪት ሰባሪ! ርቦህ ከሆነ ጫፏን ቀንጠብ አድርገህ ብታልፍ ምን ነበረበት? ጫፏ ቢቆረጥ ቅርንጫፍ ታወጣ ነበር። አንተ ግን እስከ አፈሩ ድረስ! በሺዎች የሚቆጠር ጥርስ የተሰጠህ ለዚህ ነው?

ይቅርታ። ወደ «እርስዎ» ልመለስ።

ዓይንዎን በጨው የታጠቡ ነዎት እንዳልል፣ ዓይንዎ ያለው ቀንድዎ ጫፍ ላይ ነው፤ ጨው ደግሞ ለእርስዎ ስድብ ሳይሆን ሞት ነው። ጨው አላነሳም። አፈሩን ያበላሻል፤ አፈሩ ደግሞ እንደሰሙት ያምራል።

የቆየውን ቂም ባልቆጥር ይሻላል። የሰላጣው ጉዳይ ይቅር። ለወጥመድ ያስቀመጥኩትን ቢራም ጠጥተው ሄደዋል፣ ለጤናዎ። የእንቁላል ቅርፊቱ ግን ያንገበግበኛል። ወር ሙሉ አጠራቀምኩ፣ አጠብኩ፣ ወቀጥኩ፣ እንዳያልፉ ብዬ በሥሯ ዙሪያ በተንኩ። ኋላ ሳነብ የብሪታንያው የአትክልተኞች ማኅበር፣ ሮያል ሆርቲካልቸራል ሶሳይቲ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ሰላጣ ላይ ሞክሮት ኖሯል። ቅርፊቱም የመዳብ ጥብጣቡም አልረዱም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል እሰማ ነበር፤ እንቁላል ላይ የሚሄድ ግን ያየሁት በእርስዎ ነው።

አንዴ ደግሞ በክብር ተሸክሜ ከአጥሩ ማዶ አደረስኩዎት። ቅርፊትዎ ላይ በጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ አድርጌ ነበር። በሦስተኛው ሌሊት ቀይ ነጥብ ማሰሮው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሏል። ብቻዎን ቢሆኑ እንኳ ደግ ነበር፤ በአንድ ጊዜ 80 ያህል እንቁላል እንደሚጥሉ አውቃለሁ።

ለማንኛውም ሥሯ አልሞተችም። አፈር ውስጥ ናት፣ ደግማ ታቆጠቁጣለች። ዛሬ ማታ ባትሪ ይዤ እወጣለሁ። ማሰሮውን አነሳለሁ። ከሥሩ ቀይ ነጥብ ካየሁ እንነጋገራለን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለቅጠል መጣጩ ለክሽክሽ (ተራህ ይደርሳል)
ዘግይቶ ለሚመጣው ውርጭ
ለጎረቤቴ (እስክጠራሽ አትምጪ)