ዋናው መደጋገሙ ነው

«ደስታ ከአዳዲስ ሰዎች ጋር በመተዋወቅ ይገኛል» የሚለው ትክክል ነው፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው ግን ሰላምታው ላይ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ነው። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ትውውቅ ወደ ቀለል ያለ ጓደኝነት ለማደግ 50 ሰዓት ገደማ፣ ወደ ጓደኝነት 90፣ ወደ የልብ ወዳጅነት ከ200 በላይ አብሮ ማሳለፍ ይጠይቃል። አብሮ መሥራት ብቻውን ያን ያህል አያቀራርብም፤ የሚያቀራርበው በፈቃድ አብሮ መጫወትና መሳቅ ነው።

ስለዚህ ከአንድ ቀን ድግስ ይልቅ በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት የሚደረግ ነገር ምረጡ፦ የእግር ጉዞ፣ ካርታ ጨዋታ፣ ኳስ። ስድስት ሰባት ሳምንት ሳትቀሩ ሂዱ። በሁለተኛው ሳምንት የሚጠፋ ሰው ፊቱ ሳይለመድ ነው የሚሄደው፤ ያሳዝናል። ሰው ከበዛ ሦስት አራት ሆናችሁ ተጫወቱ፤ ከአራት ካለፈ ወሬው ለሁለት ይከፈልና ዝምተኛው ዳር ይቀራል። ስትለያዩ «እንገናኛለን» ብቻ አትበሉ፤ ቀኑንና ሰዓቱን እዚያው ቁረጡ። ደግሞ እባካችሁ፣ ከመጀመሪያው ጨዋታ በኋላ «አልወደዱኝም» ብላችሁ አትቅሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰዎች ከምናስበው በላይ ወደውናል።