ድምፁንም አትለፉት

ስለ ኢንጀኒዩቲ፣ ማርስ ላይ ስለበረረችው የናሳ ትንሽ ሄሊኮፕተር፣ ያወጣችሁት ጽሑፍ እዚያ ስላነሳቻቸው ፎቶዎች ብዙ ብሎ ድምጿን በአንድ መስመር አለፈው። ለእኔ ትልቁ ነገር እሱ ነው! እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30፣ 2021 ለ4ኛ ጊዜ ስትበር ባለ ጎማዋ የማርስ ሮቦት ፐርሴቪራንስ 80 ሜትር ርቃ ቆማ በማይክሮፎኗ ቀዳቻት። የማርስ አየር እኮ በጣም ስስ ነው፣ ከምድር አየር 1 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ ቀጭን ድምፅ ሩቅ ሳይሄድ ይዋጣል፣ ሳይንቲስቶቹም እምብዛም አይሰማም ብለው ነበር የገመቱት። ግን በደቂቃ 2,537 ጊዜ የሚሽከረከሩት ክንፎቿ ያወጡት 84 ኸርዝ (በሴኮንድ 84 ንዝረት) ወፍራም ጥዝታ ከነፋሱ ጋር ተሰማ። በጆሮ ማዳመጫ ስሙት፣ በስልክ ስፒከር ይጠፋል። እባካችሁ ስለ ናሳው በራሪ ሮቦት ድራጎንፍላይም ጻፉልን፤ የሚሄድባት የሳተርን ጨረቃ ታይታን አየሯ ከምድር ይወፍራል፣ እዚያ ድምፁ እንዴት ይሆን?