ሐረማያ ቅርንጫፍ ያስፈልገዋል?

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ መሸሸጊያ በሌለው የሐረማያ ሐይቅ ቆሮሶን (ቲላፒያ የሚባለውን ዓሣ) በመንጠቆ ለመያዝ ቅርንጫፍ ማስመጥ ግድ ነው። ደጋፊው ከሐረር፣ ተቃዋሚው ከድሬዳዋ ይጽፋሉ።

ከሐረር፦
ሐይቁ ደርቆ ተመለሰ፤ ዳሩ ግን አብዛኛው ራቁቱን ነው። ቆሮሶን ከላይ አሞራ፣ ከታች አምባዛ ያሳድደዋል። መጠጊያ ያጣ ዓሣ ይበተናል፤ የተበተነውን በአንድ መንጠቆ መልቀም ዘበት ነው። ሥራው ከባድ አይደለም። 1 ሜትር ተኩል የሚሆን የግራር ቅርንጫፍ በቃጫ ገመድ ጥፍር አድርጎ ማሰር፣ ከግርጌው 5 ወይም 6 ኪሎ ድንጋይ ማንጠልጠል፣ 2 ሜትር በሚጠልቅ ቦታ ማስመጥ። ሦስት እቅፍ ይበቃል። ባሕር ዛፍ አይሆንም፤ ቅጠሉ ሲበሰብስ ውሃ ያበላሻል። በሦስት አራት ሳምንት ቅርንጫፉ አረንጓዴ ዝልግልግ (አልጌ) ይለብሳል፤ ቆሮሶ ያንን ሊግጥ ይመጣል። በቤኒን ይህንኑ አካጃ ብለው ሲሠሩበት ኖረዋል።

ከድሬዳዋ፦
ሦስት እቅፍ! ኧረ ወንድሜ፣ አካጃ እኮ ቅርንጫፉ ችምችም ተደርጎ የሚተከል ጫካ ነው። ለሐረማያ ሦስት እቅፍ ማለት ለግመል ጥማት አንድ ሲኒ ውሃ ነው። ይህ የመሸሸጊያ ነገር ደግሞ ከባስ ማጥመጃ ቪዲዮ የተቀዳ ይመስላል። ባስ የአሜሪካ ዓሣ ነው፤ አፉ ሰፊ፣ ትንንሹን አድብቶ የሚውጥ። ቆሮሶ ምን ሊያደባ? ዋና ምግቡ ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈው አረንጓዴ ነው። ባስም ቢሆን ራቁት ውሃ ሲገጥመው ጥልቀቱ የሚቀየርበትን ጠርዝ ይከተላል እንጂ ቅርንጫፍ እስኪጣልለት ቁጭ ብሎ አይጠብቅም።

ጠርዝ ደግሞ አለልህ። ሐይቁ በደረቀ ጊዜ ወለሉ ታርሷል፣ ለመስኖ ጉድጓድ ተቆፍሮበታል፣ ቦይ ወጥቶበታል። ያ ሁሉ ዛሬ ከውሃ በታች ነው። 50 ግራም እርሳስ በክር እሰር፣ በየግማሽ ሜትሩ ቋጥር፣ ጀልባ ላይ ሆነህ እያወረድክ ቁጠር። ቋጠሮው ከሁለት ወደ አራት የዘለለበት ቦታ፣ እሱ ነው። ከዚያ 0.18 ሚሊ ሜትር ክር፣ ትንሽ፣ 10 ቁጥር መንጠቆ፣ የስንዴ ሊጥ ወይም ትል። የቆሮሶ አፍ ትንሽ ነው፤ ትልቅ መንጠቆ ካሰርክ ሊጡን ልሶልህ ይሄዳል። መንጠቆው ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል። ጥላህን ውሃው ላይ አትጣል። ሐረማያ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ በታኅሣሥ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ቡሽ ላይ ማፍጠጥ ትርፉ ብርድ ነው። ውሃው ከ16 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቆሮሶ መብላቱን ይተዋል። 4 ሰዓት ድረስ ተኛ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ የሚገፋበት ዳር ቁም፣ ምግቡን እዚያ ያከማቸዋል።

ከሐረር፦
አንቱታ ድሬ እንደማይደርስ አውቃለሁ፤ ይሁን። ቪዲዮው ግን እኔን አይመለከተኝም። ቆሮሶ ያደባል ያለ የለም፤ ይሸሸጋል ነው የተባለው። ሦስት እቅፍም ለአንድ አጥማጅ፣ ለአንድ ቦታ ነው፤ ሐይቁን አልብሱት አልተባለም። ይልቅ እርስዎ ቁም ያሉበት ዳር ምን እንዳለ ያውቃሉ? ወንዱ ቆሮሶ ክብ ጎድጓዳ ጎጆ የሚቆፍረው ጥልቀት በሌለው ዳር ነው። ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው የምትፈለፍለው። በመንጠቆ ሲጎትቷት ትተፋዋለች። ዘር ማጥፋት ነው!

ከድሬዳዋ፦
ከሦስት እቅፍ ወደ ዘር ማጥፋት! አፏ በእንቁላል የሞላ ዓሣ ሊጥ ትበላለች? በዚያ ሰሞን መብላቷን ከሞላ ጎደል ታቆማለች፤ እሷን የሚይዛት መንጠቆ ሳይሆን ቀዳዳው የጠበበ መረብ ነው። ባለመረብ ደግሞ ማንን ይፈልጋል? ያንተን ሦስት እቅፍ። ዓሣውን ሰብስበህ ታቆይለታለህ፣ እሱ ዙሪያውን ከቦ ያወጣዋል። ደግሞ ቅርንጫፍ ጣሉ ሲባል ሁሉም ግራር ፍለጋ አይወጣም፤ ቅርብ ያገኘውን ገራባ፣ የጫት ትራፊ፣ ነው የሚጥለው። ጫቱ ላይ የተረጨው መድኃኒት ከነቅጠሉ ውሃ ይገባል።

ከሐረር፦
ባለመረብ አሉ? ግራር ያልኩት ለምን መሰለዎት? እሾሁ የገባበትን መረብ ይቀደዋል። አንድ ጊዜ የተቀደደበት ሰው ዳግመኛ በዚያ አይዞርም።

ከድሬዳዋ፦
ሦስቱ እቅፍ አሁን ደግሞ ዘበኛ ሆነ። መረብ የቀደደ እሾህ ያንተን 0.18 ክር ምን ያደርገዋል? እየሳመ ይለቀዋል?

ከሐረር፦
ቡሹን ከቅርንጫፉ አንድ ሜትር ተኩል አርቆ የሚጥል ሰው ክሩ አይያዝበትም፤ ቆሮሶም ለመጋጥ ወጣ ገባ ይላል እንጂ ውስጥ ተወትፎ አይውልም። ጭቃው ቅርንጫፉን እንዳይውጠው ድንጋዩን ወደ 4 ኪሎ አወርደዋለሁ፤ ማስመጫውም ቦዩ ጠርዝ ላይ ይሆናል፣ ከመጀመሪያም ሐሳቤ እዚያው ነበር። እቅፉ ግን ሦስት ነው።