ጥይት ሁሉ አንድ አይደለም

ያደግሁት ጎጃም ነው። ደጀን አካባቢ፣ የዓባይ በረሃ ቁልቁል በሚታይበት ደጋ ላይ። ጠመንጃ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ እያየን ነው ያደግነው። ሠርግ ላይ ይተኮሳል፣ ልቅሶ ላይ ይተኮሳል። ልጅ ሆኜ የምንሽርን ድምፅ ከሌላው ለይቼ አውቅ ነበር። ስለ ጠመንጃ የማያወራ ሽማግሌ አላጋጠመኝም። ስለ ጥይት ግን የሚጠየቀው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፦ ስንት አለህ? በስንት ገዛኸው?

አሁን የምኖረው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ነው። ጥይት መምረጥ ራሱን የቻለ እውቀት መሆኑን ያየሁት እዚህ ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ አዳኝ ነው። ፋብሪካ የሠራውን ጥይት ገዝቶ መተኮስ ይችላል። እሱ ግን የተተኮሰውን ቀለሃ ሰብስቦ ራሱ መልሶ ይሞላል። አንድ ቅዳሜ ጋራዡ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳየው ዋልኩ። ቀለሃውን ያጸዳል፣ ወደ ልኩ ይመልሰዋል፣ ከሥሩ ያለችውን ማቀጣጠያ ይቀይራል፣ ባሩዱን በሚዛን ይሰፍራል። የአሞላል መመሪያ መጽሐፉ ካዘዘው በላይ አንዲት ቅንጣት አይጨምርም። ይህን ሁሉ እጁ ለምዶታል። ቆም ብሎ የሚያስበው አረሩን ሲመርጥ ነው። አረር ስል ከአፈሙዙ ወጥቶ የሚሄደውን፣ እንስሳው ላይ የሚያርፈውን ማለቴ ነው።

መደርደሪያው ላይ የተደረደረው አረር ሁሉ ለአንድ ዓይነት ጥይት ነው፣ 30-06 ለሚባለው። ይህ ጥይት እ.ኤ.አ. በ1906 ለአሜሪካ ጦር የወጣ ነው፤ አዳኞች ዛሬም አልተዉትም። የአረሩ ክብደት የሚለካው በግሬን ነው። አንድ ግሬን 0.065 ግራም ያህል ናት። 150 አለ፣ 165 አለ፣ 180 አለ። 180ው ወደ 11.7 ግራም ይመዝናል። ለተራው አጋዘን 150ው ይበቃል አለኝ። ኤልክ ለሚሉት፣ ኮርማ ለሚያክለው አጋዘን ግን 180ውን ይመርጣል።

ከክብደቱ ይልቅ ያስጨነቀው አሠራሩ ነበር። አንዱ ዓይነት እርሳስ ሆኖ በስስ መዳብ የተሸፈነ ነው፤ ጫፉ ላይ እርሳሱ ይታያል። ዋጋው ረከስ ይላል፣ እንስሳው ላይ ሲያርፍም ጫፉ ሰፍቶ በደንብ ይከፈታል። ከቅርብ ተተኩሶ የትከሻ አጥንት ላይ ካረፈ ግን ሊበታተን ይችላል። ሌላው መሐሉ ላይ የመዳብ ግድግዳ አለው። ፊቱ ሲከፈት ኋላው ሳይፈርስ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ይህን የፈለሰፈው ጆን ኖስለር የሚባል አዳኝ ነው። አንድ ትልቅ እንስሳ ተኩሶ አረሩ ስለከዳው ነው የተነሣሣው። ኩባንያውንም እ.ኤ.አ. በ1948 አቋቋመ።

ባልደረባዬ በመጨረሻ ያነሣው ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራውን ነው። ልጆቹ ሥጋውን ይበላሉ። እርሳስ ሲበታተን ዓይን የማያየው ብናኝ ሥጋው ውስጥ ይቀራል። አሞሮችም ከተጣለው ሆድ ዕቃ እየበሉ ይመረዛሉ። በዚህ ምክንያት ካሊፎርኒያ ከጁላይ 2019 ጀምሮ በእርሳስ ጥይት ማደንን ሙሉ በሙሉ ከልክላለች። መዳብ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ፍጥነቱ በጣም ከወረደ አይከፈትም። ስለዚህ ሰውዬው ከሩቅ አይተኩስም።

ከዚያ መሳቢያ ከፍቶ አንድ ነገር መዳፌ ላይ አኖረልኝ። ባለፈው ዓመት ከገደለው ኤልክ ውስጥ የወጣ አረር ነው። ጫፉ አራት ቦታ ተሰንጥቆ፣ እንደ አበባ ቅጠል ወደ ኋላ ተቀልብሷል። ወርዱ እጥፍ ሆኗል። ሚዛን ላይ አስቀመጠው። ከ180 ግሬኑ 178 አለ። እንስሳው ሃያ እርምጃ እንኳ አልሄደም አለኝ።

አረሩን እንደያዝኩ አጎቴ ትዝ አሉኝ። አያ ነው የምንላቸው። አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ወደ በረሃው ይዘውኝ ወረዱ። ግራር ሥር ግማሽ ቀን ተቀመጥን። ድኩላው ሲመጣ ወዲያው አልተኮሱም። ጥይት ውድ ነበር። ሠላሳ እርምጃ ያህል እስኪቀርብ ጠበቁ። ተኮሱ። ደረቱን ሲመታው በዓይኔ አይቻለሁ። ድኩላው ግን ዘለለና ሮጠ። ደሙ ጠብታ ጠብታ ነበር፤ እዚህ ቅጠል ላይ፣ እዚያ ድንጋይ ላይ። ገደሉ አፋፍ ስንደርስ ጠፋ። በማግስቱ አሞራ ሲዞር አይተን ወረድን። ሞቶ አገኘነው። በስመ አብ ተብሎ ሳይታረድ የሞተ በክት ነው፤ ማንም አልነካውም። መንደሩ ሁሉ “አያ ሳቱ” አለ። እሳቸው ምንም አልመለሱም። ከዚያ በኋላ ለአደን ሲወጡ አላየሁም።

አሁን ምክንያቱን አውቀዋለሁ። የአያ ጥይት የጦር ጥይት ነበር። የጦር ጥይት እርሳሱ በጠንካራ ልባስ ተሸፍኗል፤ አይከፈትም። እንደ ወስፌ በስቶ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1899 በሄግ የወጣው ስምምነት ሰውነት ውስጥ የሚሰፋ ጥይት በጦርነት እንዳይተኮስ ከለከለ። የተመታ ወታደር ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይሠቃይ ነው። አደን ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እንስሳው እንዳይሠቃይ ከተፈለገ ቶሎ መሞት አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ሰፍቶ የሚከፈት አረር ያስፈልጋል። ኮሎራዶ ትልልቅ እንስሳትን የሚያድን ሰው የሚከፈት ጥይት እንዲይዝ በአደን ሕጓ ታስገድዳለች። ለአጋዘን ቢያንስ 70 ግሬን፣ ለኤልክ ቢያንስ 85 ግሬን ይሁን ትላለች። የአደን ትምህርት ያልወሰደ ሰውም አብዛኛውን ጊዜ ፈቃድ አያገኝም።

እኛ አገር ያለፈቃድ ማደን ክልክል ነው፤ የዱር እንስሳት አዋጅ አለ። ጥሩ ነው። ግን ስለ ጥይቱ ዓይነት ሰው ሲያወራ አልሰማም። ገጠር ዛሬ የሚገኘው የክላሽ ጥይት ነው። አብዛኛው ውስጡ ብረት ያለበት፣ የማይከፈት የጦር ጥይት ነው። በዚህ ድኩላ መተኮስ እንስሳውን ቆስሎ ገደል እንዲገባ መላክ ነው። ይህ ያመኛል። ጠመንጃን እንደኛ የሚያከብር ሕዝብ ስለ አረሩ አለመጠየቁ ይቆጨኛል።

ጥይትን ማክበርማ እናውቅበታለን። በድሮ ጊዜ የውጅግራ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ገበያ ላይ መገበያያ ነበር። ሴት አያቴ ኩላቸውን የሚያኖሩት በባዶ ቀለሃ ውስጥ ነበር። እዚህ ቀለሃ ተመልሶ ይሞላል፤ እኛ ዘንድ የሴት ዓይን ያስጌጣል። ለእኔ ሁለቱም ያው ነው፤ ነሐሱን አለመጣል።

የአረሩን ፎቶ አንስቼ ለአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ላክሁ። ለአያ አሳያቸው። እሑድ ስደውል እሳቸው ራሳቸው ስልኩን ያዙ።

“አያ፣ አንቱ የተኮሱበት ጥይት እንዲህ የሚከፈት አልነበረም። በስቶት ነው ያለፈው” አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ፣ “እንግዲያ አልሳትሁም ነበራ” አሉኝ።