እትዬን ተዉልኝ!

«ሲስተሙ አይዋሽም፣ እትዬ።»

የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል የሚሠሩትን እትዬን አለቃዬ እንዲህ ነው ያላቸው። ዶክተሩ ፊት፣ ሜትረኗ ፊት፣ የአይቲው ልጅ ፊት። እናቱ ሊሆኑ የሚችሉ ሴት ናቸው እኮ! ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው። እጄ እስካሁን ይንቀጠቀጣል።

አለቃዬን ታውቁታላችሁ። ለሆስፒታሎች የምንሸጠውን የታካሚ ካርድ ሲስተም ሲያሳይ፣ ዴሞ ላይ፣ ምላሱ ማር የሆነው ሰውዬ። ዛሬ የተጠራነው በአንዲት እናት ምክንያት ነው። ሁለት ካርድ ተከፍቶላቸዋል። አንደኛው ላይ ፔኒሲሊን እንደማይስማማቸው በቀይ ተጽፏል። ሁለተኛው ባዶ ነው። ሐኪሙ ያየው ባዶውን ነው፤ የፔኒሲሊን ወገን የሆነውን አሞክሲሲሊን አዘዘላቸው። ፋርማሲ ያለችው ልጅ «የማይስማማዎት መድኃኒት አለ?» ብላ ባትጠይቃቸው ኖሮ ዛሬ የምናወራው ሌላ ነበር። እግዚአብሔር ይስጣት፣ ሌላ ምን እላለሁ።

ሁለት ካርድ እንዴት ተከፈተ? የታካሚዋ ስም ፀሐይ ነው። ድሮ የመዘገባቸው ሰው በፀሐዩ ፀ እና በሐመሩ ሐ ጻፋቸው። አሁን ሲመጡ እትዬ በጸሎቱ ጸ እና በሃሌታው ሀ ፈለጓቸው። ሲስተሙ «አልተገኘም» አለ። ሰልፉ በሩን አልፎ ወጥቷል፣ ሰው ይጮኻል። አዲስ ካርድ አወጡላቸው። እናንተስ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ይሄን ነገር እኮ ሪፖርት አድርጌዋለሁ! ኃይሉን በሦስቱም ሀ ሞክሬ፣ ሥላሴን በንጉሡም በእሳቱም ሞክሬ፣ ዓለምን በዓይኑም በአልፋውም ሞክሬ፣ ከነስክሪንሾቱ ልኬያለሁ። እኛ አገር የቤተሰብ ስም የለም። የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው። ከሦስቱ አንዱ ላይ አንድ ፊደል ከተለየ ሰውዬው የለም ማለት ነው። መፍትሔው ደግሞ ተራራ መግፋት አይደለም። ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደሎች ለፍለጋ ብቻ ወደ አንድ መመለስ ነው፤ ስሙ እንደተጻፈ ይቀመጣል። ዴቨሎፐራችን «ስጪኝ፣ እሠራዋለሁ» ብሎ ነበር። አለቃዬ ቲኬቱን፣ ማለትም ያስመዘገብኩትን ሪፖርት፣ ዘጋው። ምን ብሎ? «ደንበኛ አልጠየቀም።» ካርድ ክፍል የተቀመጠች ሴት ምን ብላ ትጠይቅ? ማንን?

ወደ ስብሰባው ልመለስ። ዶክተሩ «ይሄ እንዴት ሆነ?» አሉ። አለቃዬ ትንፋሽ እንኳ አልወሰደም። «የትሬኒንግ ችግር ነው፣ ዶክተር። ካርድ ክፍል በደንብ ሳይፈልጉ አዲስ ካርድ ያወጣሉ» አለ። እትዬ ቀና አሉ። «ልጄ፣ ፈልጌአለሁ። የለም ነው ያለኝ» አሉ። ያኔ ነው ፈገግ ብሎ ያንን ቃል የወረወረው።

አልቻልኩም። «ችግሩ ፍለጋው ነው፣ ሪፖርት አድርገነዋል» አልኩ። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለም። ለዶክተሩ «ይቅርታ፣ ልጅቷ የደንበኛ ድጋፍ ሠራተኛ ናት፣ ቴክኒካሉን አታውቀውም» አላቸው። ቀጥሎ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «አንቺ ማስታወሻ ያዢ።»

ማስታወሻ ያዢ! የዚያን ሆስፒታል ዳታ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ሰርቨር ያዛወርኩት እኔ ነኝ። በፋሲካ ዋዜማ። ሰው ሁሉ ጾም ሲፈታ እኔ ሰርቨር ክፍል ወለል ላይ ተቀምጬ መብራት እንዳይሄድ እየጸለይኩ አደርኩ። እሱ ስልኩን አጥፍቶ ነበር። የሌሊት ትርፍ ሰዓት አንድ ነጥብ ሰባ አምስት፣ የበዓል ደግሞ ሁለት እጥፍ ተኩል ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ስጠይቅ የሰው ኃይሏ «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» አለችኝ። ቤተሰቤ እቤት ዶሮ ሠርቶ ሲጠብቀኝ ነበር ያደረው!

ይሄ ብቻ መሰላችሁ? 2015 ላይ ጳጉሜን 6 ነበረች። የእኛ ሲስተም ከ5 በላይ አላውቅም አለ። የዚያን ቀን የተወለዱት ሕጻናት መስከረም 1 ቀን 2016 ተብለው ገቡ። ቀናቸውም ዓመታቸውም ተቀየረ። ሰዓቱንማ ተዉት። ነርሷ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የሰጠችውን መርፌ 2፡00 ብላ ትመዘግባለች፤ ማሽኑ በፈረንጅ ቆጥሮ ሌሊት 8 ሰዓት ያደርገዋል። ተረኛዋ ስክሪኑን ስለማታምን ጓደኛዋን ጠይቃ ነው የምትሠራው። ይሄንንም ሪፖርት አድርገናል። ይሄም «ትሬኒንግ» ተባለ።

ከገጠር አዳራቸውን ተጉዘው የመጡ ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው «ሲስተም የለም» ይባላሉ። የሚሰደበው ማን ነው? መስኮቱ ላይ ያለው ሰው። የሸጠው ሰውዬ በመኪናው ሄዷል።

ከስብሰባው ስንወጣ ካርድ ክፍል ገባሁ። እትዬ መሳቢያቸውን ሳቡና ደብተር አሳዩኝ። ባለ መስመር፣ የተማሪ ደብተር። በግራ በኩል ስም፣ በቀኝ በኩል ያው ስም በሌላ ፊደል፣ ከጎኑ የካርድ ቁጥር። ዓይናለም፣ ሠናይት፣ ኃይለሥላሴ... በሦስት ዓይነት እስክሪብቶ ተሞልቷል። ገጹ ጫፉ ተበልቷል። እኛ ያልሠራነውን ሥራ እሳቸው በእጃቸው እየሠሩት ነበር። ከቤታቸው ባመጡት ደብተር! ፀሐይ የሚለው ገና አልደረሳቸውም ነበር፤ ይኸው ነው ጥፋታቸው። እና አሁን ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሊጻፍባቸው ነው ተባለ። ጡረታ ሊወጡ ትንሽ ነው የቀራቸው።

ደብተሩን ፎቶ አንስቼ ለዶክተሩ ልኬላቸዋለሁ፣ ከተዘጋው ቲኬት ጋር። አለቃዬ ነገ ይሰማል። ይስማ። ልልቀቅ ብል የት እሄዳለሁ እያልኩ ስንት ጊዜ ዋጥኩት። ጎበዝ ጎበዞቹ ዴቨሎፐሮች ባንክ ገብተው አለቁ። እኔ ግን ይሄን ሥራ እወደዋለሁ። የመጀመሪያዋ ታካሚ ካርዷ ሳይጠፋ ሐኪም ጋ ስትገባ ያየሁ ቀን አልቅሻለሁ። ለዚህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ሰኞ ሌላ ሆስፒታል ይጀምራል። ያው ቨርዥን ነው፣ ፍለጋው አልተነካም። እዚያ ካርድ ክፍል የምትሠሩ፣ ወይ የምታውቁት ሰው ካለ ንገሩልኝ፦ ስም አልተገኘም ካላችሁ በሌላኛው ፊደል ሞክሩ፣ ቀጥሎ በስልክ ቁጥር ፈልጉ። አዲስ ካርድ ከማውጣታችሁ በፊት የማይስማማቸው መድኃኒት ካለ ጠይቁ። እና «አልተገኘም» ያለበትን ስክሪን ፎቶ አንሱ፣ ቀኑን ጨምራችሁ። ሲመጡባችሁ ታሳዩአቸዋላችሁ።